ስለ ቲም ባዝ የተጻፈውን አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ በቴሌግራም ረዘም ያለ ጽሑፍ ላከልኝ። ከሥሩ «ያንተ የድሮ ሰፈር ነው፣ ተደሰት» ብሎበታል። ስከፍተው ስለ ቲም ባዝ ነው። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ስለ አርሰናልና ስለ ማንቼ በአማርኛ የሚጽፍ ሞልቷል፤ እንግሊዝ ውስጥ ስድስተኛው እርከን ላይ ደርሶ ስለጠፋ ክለብ የሚጽፍ ግን የት ይገኛል? ደስታዬ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ አለቀ።

ላላነበባችሁት ባጭሩ። ቲም ባዝ በእንግሊዟ ባዝ ከተማ የሚገኘው የባዝ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ያቋቋመው የእግር ኳስ ክለብ ነው። አሥር ዓመት ኖሮ በ2009 ፈረሰ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የጽሑፉ ባለቤት የሚለው እንዲህ ነው። ክለቡ የተማሪዎች መዝናኛ እንጂ የምር ክለብ አልነበረም። የወጣው በዩኒቨርሲቲ ብር ተገፍቶ ነው። ዝናው በኤፍኤ ካፕ (የእንግሊዝ ጥሎ ማለፍ ዋንጫ) የተጫወተ የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ መሆኑ ብቻ ነው። ደጋፊ አልነበረውም። ከስሮ ፈረሰ፣ ምንም ሳይተው ሄደ። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሩን ይያዝ፣ ኳሱን ለባለኳሶቹ ይተው።

ከነዚህ አንዱ ትክክል ነው። እሱ ጋ ስንደርስ አምናለሁ። ሌላውን ግን እንዲሁ ማሳለፍ አልቻልኩም።

«የተማሪዎች መዝናኛ» ከምትለዋ ልጀምር። ጸሐፊው ሁለት ነገር ቀላቅሏል። እንግሊዝ ውስጥ ማንኛውም ዩኒቨርሲቲ የተማሪ ቡድን አለው። ረቡዕ ረቡዕ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ጋር ይጫወታሉ፣ ማታ መጠጥ ቤት ይገባሉ፣ አለቀ። ቲም ባዝ እንደዚያ አልነበረም። የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ዳይሬክተር የነበረው ጌድ ሮዲ ያሰበው ሌላ ነገር ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከልጅነታቸው ጀምሮ በትልልቅ ክለቦች አካዳሚ ያደጉ ልጆች አሥራ ስምንት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው «አንፈልግህም» ተብለው ይባረራሉ። ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ለኳስ ሲሉ ችላ ብለውታል። ኳሱም የለ፣ ወረቀቱም የለ። ሮዲ እነዚህን ልጆች ሰብስቦ በስኮላርሺፕ ክፍል አስገባቸው፤ ኳሱን ደግሞ እንደ ባለሙያ ተጫዋች በየቀኑ እንዲሠሩ አደረገ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማሪ ጋር ሳይሆን ከቧንቧ ሠራተኛው፣ ከፖስታ አመላላሹ፣ ከድሮው ፕሮፌሽናል ጋር፣ ክርን ከሚያቀምስ ተከላካይ ጋር ይጋጠማሉ። መዝናኛ ነው ካልክ እንግዲህ ታችኛውን የእንግሊዝ ሊግ በክረምት ጭቃ አላየኸውም።

ውጤቱንስ? በ2000 ዌስተርን ሊግ የሚባለው የአካባቢ ሊግ ታችኛው ዲቪዚዮን ውስጥ ገቡ። በመጀመሪያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነው ወጡ። በ2003 የዚያኑ ሊግ ፕሪሚየር ዲቪዚዮን አሸነፉ። ከዚያ ከፍ ወዳለው ሳውዘርን ሊግ ወጡ። በ2007 ለማደግ የመጨረሻው ጨዋታ ድረስ ሄደው በሜይደንሄድ ተሸነፉ። በ2008 እንደገና መጡና ሄልስኦወንን 2 ለ 1 አሸንፈው ኮንፈረንስ ሳውዝ ገቡ። በአሥር ዓመት ዕድሜ አራት ደረጃ ማለት ነው። ከላይ ያሉትን ብትቆጥሯቸው ከፕሪሚየር ሊጉ ጀምሮ ስድስተኛው እርከን ላይ ነበሩ። ጸሐፊው ይሄን ሁሉ በአንዲት ዓረፍተ ነገር «በታችኛው ሊግ ሲንቀሳቀስ ቆይቶ» ብሎ ዘሎታል። ሲንቀሳቀስ! ሽቅብ ነበር የሚንቀሳቀሰው፣ ወንድሜ።

አሁን ወደ ኤፍኤ ካፑ። እዚህ ላይ የተጻፈው ስህተት ብቻ አይደለም፣ ጥሩ ታሪክ አበላሽቷል። ቲም ባዝ በካፑ የተጫወተ የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ አይደለም። ከመጀመሪያው ጋ አይደርስም። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ብታዩ ዋንጫው የነበረው እነማን እጅ መሰላችሁ? የመኮንኖች፣ የሀብታም ልጆችና የተማሪዎች። ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ1874 የንጉሣዊ መሐንዲሶችን የጦር ቡድን 2 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ወስዷል። ደግሞ በ1873፣ በ1877 እና በ1880 ፍጻሜ ደርሶ ተሸንፏል። በሰባት ዓመት ውስጥ አራት ፍጻሜ! ዛሬ ያን የሚያደርግ ክለብ ቢኖር ስሙ በየባጃጁ ጀርባ ላይ ይለጠፍ ነበር። ከዚያ በኋላ የፋብሪካ ሠራተኞች ከተሞች መጡ፣ ደመወዝ የሚከፈለው ተጫዋች መጣ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ከመድረኩ ወረዱ።

እንግዲህ የቲም ባዝ ነገር የሚደንቀው እዚህ ላይ ነው። በኅዳር 2002 ማጣሪያውን ሁሉ አልፈው የካፑ ዋናው የመጀመሪያ ዙር ሲገቡ አንድ ዩኒቨርሲቲ እዚያ ከታየ ከ120 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ቡድኑ ራሱ ገና ሦስት ዓመቱ ነው፤ ያኔ የሚጫወተው አሁንም ዌስተርን ሊግ ውስጥ ነው። የደረሳቸው ማንስፊልድ ታውን ነበር፣ ሦስተኛው እርከን ላይ ያለ ሙሉ ፕሮፌሽናል ክለብ። ከ5 ሺህ በላይ ሰው ጨዋታውን ሊያይ መጣ። 4 ለ 2 ተሸነፉ። ሁለት ጎል ግን አገቡ። ዌስተርን ሊግ ውስጥ ያለ ቡድን ከደመወዝተኞች ላይ ሁለት ጎል ማግባቱን እንደ ቀላል የሚያይ ሰው ካለ ኳስን የሚያውቀው በፕሌይስቴሽን ነው።

ጸሐፊው ያልጠቀሰውን እኔ ልጨምርለት፣ ለእሱ የሚጠቅመው ቢሆንም። በ2007 ኅዳር እንደገና የመጀመሪያው ዙር ደረሱ። በዚህኛው ጊዜ ትልቁ እነሱ ናቸው። የመጣባቸው ቼዝታውን የሚባል፣ ከነሱ ዝቅ ያለ ሊግ ውስጥ ያለ የመንደር ክለብ። 2 ለ 0 ተሸነፉ። ቼዝታውን ከዚያ ፖርት ቬልን ጥሎ ካርዲፍ ሲቲ ጋ ደረሰ፣ የዚያን ዓመት የእንግሊዝ ተረት እሱ ሆነ። ከአምስት ዓመት በፊት ተረቱ ቲም ባዝ ነበር፣ አሁን የተረቱ መሰላል ሆነ። ኳስ እንዲህ ነች።

«በብር ወጣ» የሚለው ላይ ትንሽ ልለሳለስ፣ ምክንያቱም ይሄን ያነሳው ጸሐፊው ብቻ አይደለም። ያኔም ተቃራኒ ክለቦች ያጉረመርሙ ነበር። ነገሩን በነሱ ቦታ ሆነህ ብታየው ትረዳቸዋለህ። አንተ ቀን ሥራ ውለህ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ብቻ በደብዛዛ መብራት ትለማመዳለህ። እነዚያ ልጆች ጠዋት ጠዋት ይለማመዳሉ፣ የጂምናዚየሙ ዕቃ አዲስ ነው፣ ፊዚዮቴራፒስት አለ፣ የሚበሉትን የሚቆጥር ሰው አለ። ቅዳሜ ስትገናኙ በ70ኛው ደቂቃ ያንተ ሳንባ ያለቅሳል፣ የነሱ ገና ይሞቃል። ፍትሐዊ ነው ወይ? አላውቅም፣ ክርክሩ ይገባኛል።

ግን «በብር ገዛ» ሌላ ነው። ብር ያለው ክለብ የሚያደርገውን ሁላችንም እናውቃለን። ጎል አግቢ ያስመጣል፣ ደመወዝ ይቆልላል፣ በዓመቱ ያሰናብተዋል። ቲም ባዝ ያመጣው በአብዛኛው ሌላው የጣለውን ልጅ ነው። ለተጫዋቹ የሚሰጠው ትልቁ ክፍያ ደግሞ ዲግሪ ነበር። ይሄ ማታለል ከሆነ እንዲህ ያለ አታላይ ያብዛልን። እኛስ ጋ ስንት ልጅ ነው አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን አቋርጦ ለክለብ ፈርሞ፣ በሃያ አራት ዓመቱ ጉልበቱ ተበላሽቶ እናቱ ቤት የተመለሰ?

አሁን አምናለሁ ያልኩት ጋ ደረስን። ደጋፊ። ልክ ነው፣ ደጋፊ አልነበራቸውም። እዚህ ላይ ጸሐፊውን አልከራከረውም፣ እንዲያውም ካየሁት ልጨምርለት።

ከ2008 እስከ 2010 ባዝ ኖሬያለሁ። ትምህርት ነበረኝ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ሳህን አጥባለሁ። ድንች የሚልጥ አንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ነበር፣ ዕድሜ ልኩን የባዝ ሲቲ ደጋፊ። ባዝ ሲቲ ማለት የከተማው የድሮው ክለብ ነው። ሜዳቸው ትዌርተን ፓርክ ይባላል፣ የሠራተኛ ሰፈር ውስጥ ያለ ያረጀ ሜዳ። ብሪስቶል ሮቨርስ የራሱን ሜዳ አጥቶ አሥር ዓመት ያህል ተጠግቶ የተጫወተበትም እሱ ነው። ቲም ባዝ ሊጉ ከፍ ሲልበት እዚሁ ገብቶ ተከራየ። በ2008/09 ደግሞ ባለቤቱና ተከራዩ አንድ ሊግ ውስጥ ተገናኙ። አንድ ግቢ፣ አንድ በር፣ ሁለት ክለብ።

አንድ ሥራ ያልገባሁበት ቅዳሜ ሽማግሌውን «ዛሬ ቲም ባዝ ይጫወታል፣ እንሂድ» አልኩት። እንደ ስድብ ነው ያየኝ። «እነሱ ክለብ አይደሉም፣ የትምህርት ክፍል ናቸው» አለኝና ልጣጩን ባልዲ ውስጥ ጣለ። ብቻዬን ሄድኩ።

ብርዱ ከእግር ጣት ነው የሚጀምረው። ብዙ ሺህ ሰው በሚይዝ ሜዳ ውስጥ እኛ ቢበዛ ሁለት መቶ ብንሆን ነው። ከሁለት መቶው ግማሹ የመጣው ከእንግዳው ቡድን ጋር ነው። ከጎኔ አንድ ሰውዬ ውሻ ይዞ ቆሟል፤ ውሻው ከሰውዬው ይልቅ ጨዋታውን ይከታተላል። ዝምታው ግን ጥሩ ነገር ነበረው፣ ሁሉ ነገር ይሰማል። ኳሱ ጫማ ሲነካ «ጧ» ይላል። በረኛው ተከላካዮቹን ሲሳደብ ቃል በቃል ትሰማለህ። የቲም ባዝ ልጆች ከኋላ ጀምረው በአጭሩ እየተቀባበሉ ይመጣሉ፣ በዚያ እርከን ማንም እንደዚያ አይጫወትም፤ ሌላው ሰማይ ላይ ነው የሚለጋው። አንድ አማካይ ሦስት ሰው መሐል ዞር ብሎ ኳሷን በተረከዙ ሲያሳልፍ እኔ ሳላስበው «እሰይ!» ብዬ ጮህኩ። ውሻው ዞር ብሎ አየኝ። ሌላ ማንም አልጮኸም።

ስንወጣ አቭን ወንዝን ተሻግሬ ወደ ኬልስተን መንገድ በእግሬ ወጣሁ። ባዝን የምታውቁ አበሾች ለምን እንደሆነ ይገባችኋል። ፌርፊልድ ሀውስ እዚያ ነው፣ ጃንሆይ ከ1936 ጀምሮ በስደት የተቀመጡበት ቤት። በኋላ በ1958 ለከተማው አረጋውያን ሰጡት። የሚገርመው ያንን ቤት ፈልጎ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ባዝ ውስጥ አራት ዓመት ብቻ የኖሩ እንግዳ ንጉሥን ከተማው እስከ ዛሬ ያስታውሳል፤ አሥር ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የተጫወተለትን ክለብ ግን የት ገባህ ያለው የለም። ያን ቀን እንዲህ አላሰብኩም፣ ያኔ ያሰብኩት ስለ እግር ጣቴ ነው።

ለምን አልተወደዱም? የራሴ ግምት አለኝ። ተማሪው ሦስት ዓመት ቆይቶ ይሄዳል፣ ከተማው ደግሞ የራሱ ክለብ አለው። ዩኒቨርሲቲው ያለው ክላቨርተን ዳውን የሚባለው ኮረብታ ላይ ነው፣ ሜዳው ከከተማው ሌላኛው ጫፍ ወንዙ ዳር። ከዶርም ወጥቶ አውቶቡስ ይዞ ዳገቱን ወርዶ፣ ከተማውን አቋርጦ፣ የራሱን ዩኒቨርሲቲ ሊደግፍ ከፍሎ የሚገባ ተማሪ አላገኙም። ደጋፊ የሚወረስ ነገር ነው። አባትህ ትከሻው ላይ አድርጎ ይወስድሃል። ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አባት የለውም፣ የተመራቂዎች ቢሮ ነው ያለው።

ጸሐፊው ግን ከዚህ ተነስቶ «ስለዚህ ከሰረ፣ ስለዚህ ፈረሰ» ይላል። እዚህ ላይ ነው የተናደድኩት። ቲም ባዝ በኪሳራ አልፈረሰም። ስለወረደም አልፈረሰም፣ የመጨረሻው ዓመት ላይ በሊጉ አጋማሽ 11ኛ ሆኖ ነው የጨረሰው፣ ያውም እዚያ እርከን ላይ የመጀመሪያ ዓመቱ ሆኖ። የፈረሰው በወረቀት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2009 የኮንፈረንሱ አስተዳደር ክለቡ ኩባንያ ስላልሆነ ከዚህ በላይ ማደግ አይችልም አለ። እኛ ጋ ኃ/የተ/የግ/ማህበር የምንለው ነው የተጠየቀው። ቲም ባዝ ደግሞ ማኅበር ሳይሆን የዩኒቨርሲቲው አካል ነበር። በዚያው ምክንያት ኤፍኤ ካፕም ተዘጋበት። እስቲ አስቡት። ሻምፒዮን ብትሆን አትወጣም። ስምህን ያስጠራኸው ካፕ ውስጥ አትገባም። ታዲያ ልጆቹን ቅዳሜ ጠዋት ምን ብለህ ነው የምታስነሳቸው? ዩኒቨርሲቲው ለአንድ ኳስ ቡድን ብሎ አወቃቀሩን ከሚለውጥ ይቅርብኝ አለና ከሊጉ ወጣ።

ሕጉ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሐሳቡ ክፉ አይመስለኝም። ክለብ ዕዳ ውስጥ ሲገባ የሚጠየቅ ሕጋዊ አካል ይኑር ነው። ግን ቀልዱን እዩት። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ሊግ ውስጥ ፊሸር አትሌቲክ የሚባል የለንደን ክለብ ነበር። ኩባንያ ነው፣ ወረቀቱ አንድም አይጎድለው። በግንቦት 2009 በዕዳ ምክንያት በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ፈረሰ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ፖርትስማውዝ፣ እሱም ኩባንያ፣ ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ እያለ በዕዳ ምክንያት በአስተዳዳሪ እጅ የገባ የመጀመሪያው ክለብ ሆነ። ዕዳ የሌለበት የዩኒቨርሲቲ ቡድን «መዋቅርህ አደጋ አለው» ተብሎ ሲወጣ ኩባንያዎቹ አጠገቡ እንደ ቅጠል ይረግፉ ነበር። ጸሐፊው ይሄን ትቶ «ከስሮ» የሚል ቃል ማስገባቱ ለምን እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም። ምናልባት ክለብ ሁሉ ሲፈርስ የሚፈርሰው በብር ነው ብሎ ገምቶ ይሆናል። ግምት ደግሞ ታሪክ አይሆንም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልመልስለት። ደጋፊ ቢኖር ኖሮ ጩኸት ይኖር ነበር። ሰው መፈክር ይዞ ይወጣ ነበር፣ የከተማው ጋዜጣ ይቀበለው ነበር፣ ማኅበር አቋቁመን እንረከበው የሚል ይነሳ ነበር። ሁለት መቶ ሰውና አንድ ውሻ ምን ያደርጋሉ? ስለዚህ የደጋፊ ማጣቱ ገዳይ ባይሆንም ሬሳው ሲወጣ የሚያለቅስ አሳጥቶታል።

«ዩኒቨርሲቲ ኳስን ይተው» የሚለው መደምደሚያ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ዓለም ራሷ መልሳለች። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ደብሊን ከ1979 ጀምሮ በአየርላንድ ሊግ ይጫወታል። በ1984 የአየርላንድን ካፕ በልቶ አውሮፓ ሄደ፣ ኤቨርተን ደረሰው። ደብሊን ላይ 0 ለ 0፣ ሊቨርፑል ከተማ ላይ 1 ለ 0 ተሸነፈ። ያ ኤቨርተን የዚያን ዓመት የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫን የወሰደው ነው! በዌልስ ደግሞ ካርዲፍ ሜትሮፖሊታን የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2019 ዩሮፓ ሊግ ማጣሪያ ገብቶ ከሉክሰምበርጉ ፕሮግሬስ ጋር በሁለቱ ጨዋታ ድምር 2 ለ 2 ሆኖ ከሜዳ ውጪ በተቆጠረ ጎል ሕግ ነው የወደቀው። ከባዝ መኪና ይዘህ ብትነሳ ድልድዩን ተሻግረህ ካርዲፍ ለመግባት አንድ ሰዓት ተኩል አይፈጅም። እዚያ የሚቻለው እዚህ ያልተቻለው ሜዳው ስለተለወጠ አይደለም፣ የተለየ ሊግ፣ የተለየ ሕግ ስለሆነ ነው። ሜክሲኮ ብትሄዱማ ፑማስ የብሔራዊው ዩኒቨርሲቲ ነው። የሪያል ማድሪዱ ሁጎ ሳንቼዝ የወጣው ከዚያ ነው፣ እዚያው የጥርስ ሐኪምነት ተምሮ። ጎል ያግባ፣ ጥርስ ይንቀል፣ ሁለቱንም ይችላል።

በእርግጥ ሜክሲኮ ውስጥም የሞተ አለ። የጓዳላሃራው የግል ዩኒቨርሲቲ ቡድን ቴኮስ በ1994 የአገሪቱ ሻምፒዮን ነበር። በ2012 ወረደ፣ ተሸጠ፣ በ2014 አዲሶቹ ባለቤቶች ቦታውን ይዘው ሌላ ከተማ፣ ዛካቴካስ ወሰዱት። እንግዲህ ቲም ባዝ ኩባንያ ቢሆን ኖሮ ይሄም ሊገጥመው ይችል ነበር። ሻጭና ገዢ ይመጣል፣ ስሙ ይለወጣል።

ለኛ ሰው ደግሞ ይሄ ክርክር እንግዳ ሊሆን አይገባም። መብራት ኃይል፣ መድን፣ መከላከያ፣ ንግድ ባንክ እያልን ነው ያደግነው። መብራት ኃይል ኳስን ለባለኳሶቹ ይተው ያለ ሰው ትዝ አይለኝም፣ መብራቱ ሲጠፋ ካልሆነ በስተቀር።

«ምንም ሳይተው ሄደ»። በል እንቁጠር። ከ2000 እስከ 2006 አሰልጣኙ የነበረው ፖል ቲስዴል ነው፣ ባርኔጣና ስካርፍ ለብሶ መስመር ዳር የሚቆመው ዘናጩ። ከቲም ባዝ ኤክሰተር ሲቲ ወሰደው። በ2008 ኤክሰተርን ወደ ሊግ ቱ (አራተኛው እርከን)፣ በ2009 ወደ ሊግ ዋን (ሦስተኛው እርከን) አወጣው። በዚያ ክለብ አሥራ ሁለት ዓመት ቆየ፤ በእንግሊዝ ኳስ አሥራ ሁለት ዓመት ማለት እንደ አንድ ዘመነ መንግሥት ነው። በ2018 ሲሄድ የተካው ማን ነው? ማት ቴይለር። እሱም የቲም ባዝ ተከላካይ ነበር፣ ከዚያ ነው በ2007 ኤክሰተር የመጣው። በ2022 ቴይለርም በተራው ኤክሰተርን መልሶ ወደ ሊግ ዋን አወጣ። አንድ የሊግ ክለብ አሥራ ስድስት ዓመት ያህል ያለማቋረጥ በቲም ባዝ ሰዎች ተመርቷል ማለት ነው።

መሥራቹ ጌድ ሮዲስ? ክለቡ በፈረሰበት በ2009 ፕሪሚየር ሊጉ የወጣቶች ልማት ኃላፊ አድርጎ ወሰደው። በ2012 ሥራ ላይ የዋለው የእንግሊዝ አካዳሚዎች አዲሱ ሥርዓት፣ አካዳሚዎችን በአራት ምድብ የከፈለውና የልጆቹን ትምህርት የሥልጠናው አካል ያደረገው፣ የተቀረጸው በእሱ ጊዜ ነው። ሥርዓቱን የማይወደውም አለ። የታችኞቹ ሊግ ክለቦች ድምፅ ሲሰጡበት 46 ደግፈው 22 ተቃውመዋል፣ ትንንሾቹ «ልጆቻችንን በርካሽ ሊወስዱብን ነው» ብለው። እኔም ያ ቅሬታ ውሃ የሚያነሳ ይመስለኛል። ጥሩም ይሁን መጥፎ ግን «ምንም» አይባልም። ኮረብታ ላይ ባለ ግቢ የተጀመረ ሐሳብ ወጥቶ አገር ምድሩን ደርሷል። ቲም ባዝ የሚለው ስም ራሱም አልሞተም። የዩኒቨርሲቲው የሴቶች ኔትቦል (ቅርጫት ኳስ መሰል ጨዋታ) ቡድን በዚያው ስም የእንግሊዝን ሱፐርሊግ የወሰደው ኳሱ በፈረሰበት በዚያው ዓመት ነው።

አንድ የቀረኝ አለ፣ ይሄን መጨረሻ ላይ ያደረግኩት ስለከነከነኝ ነው። ጸሐፊው የቲም ባዝ አሰልጣኝ ስለነበረው ስለ አይቮር ፓወል ሲያነሳ «ለማስታወቂያ ያስቀመጡት ሽማግሌ» ብሎታል። እንዴ! ሰውየው በ1916 ዌልስ ውስጥ የተወለደ፣ ለዌልስ ብሔራዊ ቡድን ስምንት ጊዜ የተጫወተ፣ ለኪውፒአርና ለአስቶን ቪላ የተሰለፈ ነው። ሠርጉ ላይ አንደኛ ሚዜው ዝነኛው የእንግሊዝ ተጫዋች ስታንሊ ማቲውስ ነበር። ብራድፎርድ ሲቲንና ካርላይልን አሰልጥኗል፣ ሊድስ ውስጥ በኋላ ስመ ጥር አሰልጣኝ ከሆነው ከዶን ሪቪ ጋር ሠርቷል፣ በ1960ዎቹ ባዝ ሲቲንም ይዟል። በ2006 ጊነስ የዓለማችን በዕድሜ ትልቁ የእግር ኳስ አሰልጣኝ ብሎ የመዘገበው ቲም ባዝ ውስጥ ሲሠራ ነው፣ በዘጠና ዓመቱ።

ጽሑፉ የሚያልቀው «በ2009 መብራቱ ጠፋ» ብሎ ነው። አልጠፋም። ክለቡ ከሊጉ ከወጣ በኋላም ፓወል የዩኒቨርሲቲውን ልጆች ማሠልጠኑን ቀጥሎ ነበር። የተወው በ2010 ነው፣ 93 ዓመቱ ሲሆን።